ማሽን ብቻውን ከሰል አያጠራም

ከጀሞ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር የሕንፃ መሣሪያ መሸጫዎች ተደርድረዋል። ደጃፉ ላይ ፌሮ በጥቅል ተጋድሟል፤ ከጎኑ ቆርቆሮ፣ ቱቦና የቀለም ባልዲ አለ፤ ከውስጥ ሲሚንቶው በከረጢት በከረጢት እስከ ጣሪያ ተከምሯል። አይሱዙ መኪና ወደ ኋላ ተጠግቶ ሲቆም ወዛደሮች ሃምሳ ኪሎውን ከረጢት በትከሻቸው እየተቀበሉ ያወርዳሉ፤ አቧራው ቅንድባቸው ላይ ይቀራል። ገዢው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ኦፒሲ የሚባለው ተራው ሲሚንቶ ነው ወይስ ፒፒሲ የሚባለው ቅልቅሉ? ኩንታሉ ስንት ገባ? በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ ሃይሌ ጋርመንት ድረስ ያለው ግንባታ ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ከረጢት የቆመ ነው። ከረጢቱ እስኪሞላ ስንት ኪሎ ከሰል እንደነደደ የሚጠይቅ ገዢ ግን የለም። ባይጠይቅም ይከፍልበታል።

ሲሚንቶ በዋናነት የተፈጨ ክሊንከር ነው። ክሊንከሩ የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር በሚሽከረከር ረጅም ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ሲጋገር ነው። ዘመናዊ የሚባል ምድጃ ለአንድ ቶን ክሊንከር 3,500 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ኪሎው 25 ሜጋ ጁል የሚሰጥ ደህና ከሰል ከተገኘ ለቶኑ 140 ኪሎ ይበቃል፤ 18 ሜጋ ጁል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ወደ 195 ኪሎ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ፣ አንድ ሃምሳ ኪሎ ኦፒሲ ለማምረት በደህናው ከሰል 7 ኪሎ የማይሞላ፣ በደካማው ከ9 ኪሎ በላይ ይነዳል። በአንድ ከረጢት ሁለት ኪሎ ተኩል ምንም አይመስልም። በቀን 10 ሺህ ቶን ክሊንከር በሚያወጣ ምድጃ ግን ልዩነቱ 550 ቶን ገደማ ይሆናል፤ 40 ቶን የሚጭን መኪና ቢመደብ በየቀኑ 14 መኪና ተጨማሪ ከሰል ማለት ነው። የ14 መኪና ጎማ፣ ናፍጣና የሾፌር አበል መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ጀሞ ላይ ሲሚንቶ በሚገዛው ሰው ኪስ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የሲሚንቶ ምድጃዎቿን ለማንደድ ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ፣ በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሰል ስትገዛ ኖራለች። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ይህን በአገር ውስጥ ከሰል የመተካት ፖሊሲ ይዟል፤ አምራቾች ፈቃድ አግኝተዋል፤ በዳውሮ ዞንም የከሰል ማጠቢያ ፋብሪካ ተመርቋል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም ይዞ ሲመጣ የከሰሉም ፍላጎት አብሮ አድጓል። አገሪቱ ከሰል አላት፤ በያዩ፣ በደልቢና ሞዬ፣ በዳውሮ፣ በአማራ ክልልም በጭልጋና በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለው የሙሽ ሸለቆ ይገኛል። ችግሩ ከሰሉ ከመሬት ሲወጣ ከጭቃና ከድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ መውጣቱ ነው። ስለዚህ መታጠብ አለበት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ በእጥበቱ መለኪያ ላይ ነው። በየምረቃው የሚነገረው ማሽኑ በሰዓት ስንት ቶን እንደሚያጥብ ነው። የታጠበው ከሰል ምን ያህል ጥራት እንደሚኖረው የሚወስነው ግን ማሽኑ የሚሠራበት ልክ ነው፤ በእጥበቱ የሚጨመረው ዘይት መጠን፣ የሚነፋው አየር ኃይል፣ የሚነሳው አረፋ ውፍረት፣ የውሃው ጠባይ። ይህ ልክ ከማሽኑ ጋር በኮንቴይነር አይመጣም። በእያንዳንዱ ማዕድን ሥፍራ፣ በራሱ ከሰል ተፈትኖ የሚገኝ ነው።

በክብደት የማይለየው ብናኝ

ከሰል ከድንጋይ ይቀላል። ስለዚህ ጠጠር የሚያክለውን ከሰል ለማጥራት ክብደቱን መጠቀም ይቻላል፤ በከባድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል። ይህ ዘዴ ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ የማንኛውም ማጠቢያ ዋና ሥራም እሱ ነው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ያለው ብናኝ ላይ ሲደርስ ግን ይዳከማል። ቅንጣቱ በጣም ሲያንስ የክብደቱ ልዩነት የውሃውን ግጭት ማሸነፍ ያቅተዋል፤ ከሰሉም ጭቃውም አብረው ይዋልላሉ። መሐንዲሶች ፍሎቴሽን የሚሉት በአረፋ የማንሳፈፍ ዘዴ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው የሚመለከተው የቅንጣቱን ገጽ ነው። የከሰል ገጽ ዘይት ይወዳል፣ ውሃ ይሸሻል፤ የሸክላ አፈርና የአሸዋ ገጽ ውሃ ይወዳል። በጥቁሩ ድብልቅ ውስጥ አየር ሲነፋ ከሰሉ ከአየር ኳሶቹ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭቃው ከውሃው ጋር ከታች ይቀራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የድሬስደኖቹ ቤሰል ወንድማማቾች ግራፋይትን በዚህ መንገድ ለማጥራት የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1877 ነው።

ዘዴው በየአገሩ ከሰል ላይ እኩል አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረን ጂኦሎጂ ነው። የደቡብ አፍሪካ ከሰል ዕድሜው ከ250 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። የጭልጋው ደለል ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት፣ የሙሽ ሸለቆው ደግሞ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ሁለቱም በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል በተኙ የሐይቅና የረግረግ ደለሎች ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ከሰል ሊግናይትና ሰብ ቢቱሚነስ ከሚባሉት ወጣት ዓይነቶች ይመደባል። ወጣት ከሰል በውስጡ ብዙ ኦክስጅን ይዟል፤ ይህ ኦክስጅን ገጹ ላይ ውሃ የሚስቡ ቦታዎች ይፈጥራል። ስለዚህ ውሃ መሸሽ የሚገባው ከሰል በከፊል እንደ ጭቃው ይሆናል። ለአሮጌው ከሰል የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ ለወጣቱ ቀጥታ ቢሠራበት ጥሩው ከሰል ሳይንሳፈፍ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። ሌላም ገደብ አለ። ፍሎቴሽን የሚለየው ከከሰሉ የተላቀቀ ጭቃን ብቻ ነው፤ በከሰሉ ሥጋ ውስጥ እጅግ ደቅቆ የተበተነውን አመድ ቅንጣቱን ይበልጥ ካልፈጩት በስተቀር የትኛውም አረፋ አያወጣውም።

በሣህን በሣህን የሚታይ ልዩነት

ይህ ሁሉ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይታያል። ጥቂት ሊትር የሚይዝ መስታወት መሰል ገንዳ አለ፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ተተክሏል። ብናኙ በውሃ ይበጠበጣል፤ ጥቂት ጠብታ ናፍጣ ወይም ላምባ ይጨመርና ዘይቱ ከሰሉን እስኪለብሰው ለደቂቃዎች ይማሰላል። ቀጥሎ አረፋ ፈጣሪው ኬሚካል ይጨመራል፤ ከዚያ የአየሩ ቧንቧ ይከፈታል። ወዲያው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረፋ ይነሳል፤ ባለሙያው በመጥረጊያ እየጠረገ ወደ ሣህን ያወርደዋል። የመጀመሪያው ሣህን በሰላሳ ሰከንድ፣ ሁለተኛው በአንድ ደቂቃ፣ ሌሎቹ በሁለትና በአራት ደቂቃ ይሞላሉ። እያንዳንዱ ደርቆ ይመዘናል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጥቂት ተወስዶ አመዱ ብቻ እስኪቀር ይቃጠላል። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ቀድሞ የሚወጣው ንጹሑ ከሰል ነው፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር አረፋው እየሳሳና ቀለሙ ወደ ግራጫ እየሄደ አመድ ይበዛበታል። ገንዳው ያው ነው፤ ከሰሉም ያው ነው። የተቀየረው የቆይታው ጊዜ ብቻ ነው።

ጊዜው ከብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች አንዱ ነው። የዘይቱን መጠን እንውሰድ። ቢቱሚነስ ለሚባለው ደህና አሮጌ ከሰል ብዙ ጊዜ በቶን አንድ ኪሎ የማይሞላ ናፍጣ ይበቃል፤ ወጣት ወይም አየር የጎዳው ከሰል ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ዘይቱ ሲያንስ ከሰሉ ይጠፋል፤ ሲበዛ ጭቃውን ሳይቀር መለጠፍ ይጀምራል፣ አረፋውንም ያፈርሳል። አረፋ ፈጣሪው የአየር ኳሶቹ እርስ በርስ እንዳይዋሃዱ ይጠብቃል፤ ኳሶቹ ትንንሽና ብዙ ሲሆኑ ደቃቁን ከሰል የማግኘት ዕድላቸው ይጨምራል። መጠኑ ካለፈ ግን አረፋው ይወፍርና ውሃ ተሸክሞ ይወጣል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሸክላም አብሮ ይሾልካል። የድብልቁ ውፍረትም እንዲሁ ነው። ለከሰል ፍሎቴሽን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብናኝ ያለው ቀጭን ድብልቅ ነው፤ ምርት ለማብዛት ተብሎ ሲወፍር ኳሶቹ ይጨናነቃሉ፣ ጥራቱ ይወርዳል።

የአየሩና የአረፋው ነገር ከሁሉም ይበልጥ ስስ ነው። ገበሬ በላይዳ ሲያዘራ ነፋሱ ከሳሳ ገለባው ከፍሬው አይለይም፤ ከበረታ ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል። የገንዳው አየርም ሲያንስ ከሰሉን የሚያነሳ በቂ ኳስ አይኖርም፤ ሲበዛ ደግሞ አረፋው ይናወጥና ጭቃውን ጭኖ ይወጣል። መቅዘፊያው ቀስ ካለ ደቃቁ ቅንጣት ከኳሱ ጋር አይጋጭም፤ ከፈጠነ ደግሞ ሻካራው ቅንጣት ከተጣበቀበት ኳስ ላይ ይገነጠላል። አረፋው ወፈር ብሎ ከቆየ በኳሶቹ መካከል ያለው ውሃ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ጭቃውም አብሮት ይወርዳል፤ ምርቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ግን ጥቂት ከሰልም ተመልሶ ይወድቃል። በአንዳንድ ዘመናዊ ገንዳዎች አረፋው ላይ ከላይ ውሃ የሚረጨው ጭቃውን ለማጠብ ነው። እዚህ ውስጥ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነቃነቃል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ከመመሪያ ላይ መዋስ አይጠቅምም፤ ሁሉንም አብሮ መፈተን ግድ ነው።

ክረምት ሲገባ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናቡ ረጅም ነው። መንገድ ሲበላሽ ከሰል በማዕድኑ ሥፍራ ይከማቻል፤ በተከማቸ ቁጥር አየርና እርጥበት ገጹን ያበላሹታል፣ ኦክስጅኑ ይጨምራል፣ የመንሳፈፍ ችሎታው ይቀንሳል። ከተቆፈረ በሳምንቱ የታጠበ ከሰልና ለወራት ሜዳ ላይ የቆየ ከሰል ከአንድ ጉድጓድ ቢወጡም ለማጠቢያው ሁለት የተለያዩ ከሰሎች ናቸው። በዚያ ላይ በጋ ላይ ኩልል ያለው ወንዝ ክረምት ላይ ደለል ይሞላል፤ ያ ሸክላ የከሰሉን ገጽ ይሸፍነዋል፣ ዘይቱም አያገኘውም። ፋብሪካው ውሃውን እያጣራ መልሶ ሲጠቀም ደግሞ የአረፋ ፈጣሪው ትራፊና የሟሟ ጨው እየተጠራቀመ ይሄዳል። በከሰሉ ውስጥ ፓይራይት የሚባለው ማዕድን ካለ ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ አብዛኛው ከሰል በተሻለ የሚንሳፈፈው ግን ውሃው አሲድም አልካላይም ባልሆነበት ልክ አካባቢ ነው። ስለዚህ በጥር የተገኘው ልክ በሐምሌ ላይሠራ ይችላል። ፈተናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚዘጋ አይደለም፤ በየፈረቃው ናሙና የሚወስድ፣ አመድ የሚለካና ቫልቩን የሚያስተካክል ሰው ይጠይቃል።

ልክን ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያመጣ በምሳሌ እናስላ። 100 ኪሎ ደረቅ ብናኝ 30 ኪሎ አመድ ይዟል እንበል። በጥንቃቄ ቢሠራና 60 ኪሎ ባለ 12 በመቶ አመድ ምርት ቢገኝ፣ ሊነድ ከሚችለው 70 ኪሎ ውስጥ 53 ያህሉ ተርፏል፤ 17 ኪሎው ወደ ዝቃጭ ሄዷል። አየሩና ዘይቱ ተጨምሮ 75 ኪሎ ባለ 18 በመቶ ምርት ቢወጣ ደግሞ የተረፈው ከ61 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ አመዱም ከፍ ይላል። የትኛው ይሻላል? ማሽኑ አይመልሰውም። ከሰሉ 500 ኪሎ ሜትር ተጭኖ የሚሄድ ከሆነ ንጹሑ ሊያዋጣ ይችላል፤ ምድጃው ቅርብ ከሆነ ብዛቱ። ውሳኔው የንግድ ነው፤ ንግዱ ግን በላቦራቶሪው ቁጥር ላይ ካልቆመ ግምት ይሆናል።

በዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ውሃ። በአረፋ የወጣ ብናኝ እርጥብ ነው፤ በማጣሪያ ተጨምቆ መድረቅ አለበት። የንጹሑ ከሰል ሙቀት በኪሎ 27 ሜጋ ጁል ነው ብንል፣ 30 በመቶ አመድና 8 በመቶ ውሃ ያለው ያልታጠበ ብናኝ በኪሎ 17.2 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። አመዱ ወደ 12 በመቶ ወርዶ ግን 28 በመቶ ውሃ ይዞ ቢጫን የሚሰጠው 16.4 ሜጋ ጁል ነው፤ ምክንያቱም ምድጃው ውስጥ እያንዳንዱን ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ይባክናል። ያ ሁሉ ናፍጣ፣ ኤሌክትሪክና ድካም አመድን በውሃ ተካ እንጂ ለመኪናው የጨመረለት ሙቀት የለም። ያው ምርት ማጣሪያው በደንብ ሠርቶ ውሃው ወደ 15 በመቶ ቢወርድ ግን ኪሎው ወደ 20 ሜጋ ጁል ይጠጋል። የፍሎቴሽኑ ትርፍ የሚረጋገጠው ከገንዳው ቀጥሎ ባለው ማጣሪያ ነው ማለት ነው።

ተቃውሞዎቹና መልሳቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሲሚንቶ ባለሙያዎች ይመጣል፦ አመድ ለሲሚንቶ ምድጃ እንደ ኃይል ማመንጫ ቦይለር ጠላት አይደለም፤ ሲሊካውና አሉሚናው ወደ ክሊንከሩ ገብቶ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ምድጃው አመድን የሚችለው አስቀድሞ ሲያውቀው ነው። የኖራው ድንጋይ መጠን የሚቀመረው የከሰሉ አመድ ይህን ያህል ነው ተብሎ ነው፤ ዛሬ 15 ነገ 28 በመቶ ከመጣ ቅመራው ይዛባል፣ ነበልባሉ ይዋዥቃል፣ የክሊንከሩ ጥራት ይለዋወጣል። ስለዚህ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከንጽሕና ይበልጥ የሚፈልገው አለመዋዠቅን ነው፤ ይህም የሚገኘው የአሠራሩ ልክ በየፈረቃው ሲጠበቅ ነው። ተቃውሞው መከራከሪያችንን አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ናፍጣ ራሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ወጣት ከሰል ደግሞ ዘይት ይበላል፤ ታዲያ ብናኙን ትተን ሻካራውን ብቻ ብናጥብስ? አንዳንድ ቦታ መልሱ አዎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማመን ያስፈልጋል። በቶን አስር ኪሎ ናፍጣ የሚጠይቅ ከሰል በአረፋ ይንሳፈፍ ብሎ መሟገት አይቻልም፤ ለእሱ በስበት የሚሠሩ ጠመዝማዛ ቦዮችና ሳይክሎኖች ይሻላሉ፣ ወይም ብናኙን በልኩ ቀላቅሎ መሸጥ። ሆኖም ብናኙን መተው ነፃ አይደለም። በዝቃጭ ኩሬ የተጣለ ከሰል ተቆፍሮ፣ ተጭኖና ተፈጭቶ ካበቃ በኋላ የተጣለ ገንዘብ ነው፤ ኩሬውም ዝናብ በበዛበት ተዳፋት አገር በወንዙና በታችኛው ገበሬ ላይ የተደቀነ አደጋ ነው። መተውም ማንሳፈፍም በመለካት እንጂ በልማድ መወሰን የለበትም። አንድ ማዕድን ሥፍራ «ፍሎቴሽን እዚህ አያዋጣም» የሚል የፈተና ውጤት ቢያገኝ ፈተናው ከስሯል ማለት አይደለም፤ የአንድ ማሽን ዋጋ አድኗል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፦ ፋብሪካዎቹ ዛሬ ከሰል ይፈልጋሉ፤ ጥናት እስኪያልቅ ማን ይጠብቃል? የጠረጴዛው ፈተና ግን ዓመታት አይፈልግም፤ አንዱ ዙር የደቂቃዎች፣ ማድረቁና ማቃጠሉ የሰዓታት ሥራ ነው። የአንድን ጉድጓድ ከሰል በተለያየ የዘይት፣ የአየርና የውፍረት መጠን መፈተን በሳምንታት የሚለካ ሥራ ነው። ማሽን ታዝዞ፣ በመርከብ ተጓጉዞ፣ ተተክሎ ከሰሉን አልስማማ ካለ ግን የሚባክነው ዓመታት ነው። ሰውም አለ፤ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጎረቤት በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ምህንድስና ያስተምራል። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥናታቸውን በዳውሮ፣ በያዩና በጭልጋ ከሰል ላይ ቢሠሩ ፋብሪካው ናሙና ከመላክ በቀር ብዙ ወጪ የለበትም።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። የከሰል ማጠቢያ ስኬት በሰዓት በሚያጥበው ቶን መለካቱ መቅረት አለበት፤ መለኪያው የተጫነው ከሰል በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት፣ አመዱ፣ ውሃውና የነዚህ አለመዋዠቅ መሆን አለበት። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማሽን ከመታዘዙ በፊት የዚያኑ ማዕድን ሥፍራ ከሰል የፈተና ውጤት ይጠይቅ። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከአምራቾች ጋር ሲዋዋሉ ክፍያውን በቶን ሳይሆን በሜጋ ጁል ያድርጉት፤ በቶን የሚከፈለው አምራች ውሃና አመድ መሸጥ ያዋጣዋል፣ በሙቀት የሚከፈለው ግን የገንዳውን አየርና የማጣሪያውን ጨርቅ ራሱ ይጠብቃል። አንድ የውል አንቀጽ ብዙ ማሽን ከመግዛት በላይ ከሰሉን ሊያጠራው ይችላል።